ሃይንሪሽ አንበሳው፦ ዘውድ ሳይደፋ እንደ ንጉሥ የኖረው መስፍን

ሙኒክ የተቆረቆረችው በቀረጥ ጠብ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከራይኸንሃል የሚመጣው ጨው የኢዛርን ወንዝ የሚሻገረው ፎሪንግ በምትባል ቦታ ነበር። ድልድዩ የፍራይዚንግ ጳጳስ የኦቶ ነው፤ ቀረጡም ወደ እሳቸው ይገባል። የባቫሪያው መስፍን ይሄ ነገር አልተዋጠለትም። የጳጳሱን ድልድይ አፈረሰና ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ብሎ፣ ዛሬ ሙኒክ ባለችበት ቦታ፣ የራሱን ድልድይ ሠርቶ ገበያ ከፈተ። ጳጳሱ አቤት አሉ። ዳኛው ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ ነው፤ ባርባሮሳ በጣሊያንኛ ቀይ ጺም ማለት ነው። የሚገርመው ጳጳሱ ለባርባሮሳ በአባቱ በኩል አጎቱ ናቸው፣ መስፍኑ ደግሞ በእናቱ በኩል የአጎቱ ልጅ። ጁን 14 ቀን 1158 አውግስቡርግ ላይ ፈረደ፦ ገበያው እዚያው ይቆይ፣ ከገቢው ሲሶውን ጳጳሱ ይውሰዱ። ሙኒክ እስከ ዛሬ ልደቷን የምትቆጥረው ከዚህ ቀን ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መስፍኑ ሃይንሪሽ ይባላል፤ በታሪክ የሚታወቀው ግን «አንበሳው» በሚለው ቅጽሉ ነው። ስለ እሱ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ከባርባሮሳ ጋር የተጣላበት ነገር ነው። ለእኔ ግን ሰውየውን በደንብ የሚያሳየው ይሄ የድልድይ ጉዳይ ነው። ገንዘብ በየት በኩል እንደሚያልፍ ያውቃል። ካወቀ ደግሞ መንገዱ ላይ የቆመውን ሁሉ ይገፋል።

የተወለደው በ1130 ገደማ ነው። ቤተሰቡ ቬልፍ ይባላል፤ በጊዜው ከነበሩት የጀርመን መኳንንት ቤቶች በሀብትም በስምም ከሚጠቀሱት ነው። አባቱ «ኩሩው ሃይንሪሽ» ሳክሶኒንና ባቫሪያን አንድ ላይ ይገዛ ነበር። እናቱ ጌርትሩድ የንጉሠ ነገሥት ሎታር ሦስተኛ ልጅ ናት። ሎታር በ1137 ሲሞት ቀጣዩ ንጉሥ አማቹ እንደሚሆን ብዙዎች ጠብቀው ነበር። የጀርመን ንጉሥ ግን በመኳንንት ነው የሚመረጠው፣ መኳንንቱም የሚጫናቸው ጉልበተኛ አልፈለጉም፣ ስለዚህ በ1138 ኮንራድ የሚባለውን የሆሄንሽታውፈን ቤተሰብ ሰው አነገሡ። ኮንራድ ሁለቱንም ግዛቶች ነጠቀ። ኩሩው ሃይንሪሽ በዓመቱ ሞተ። ልጁ ገና አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ሳክሶኒን ያተረፉለት በዋናነት እናቱና አያቱ ሪሸንዛ ናቸው፤ በ1142 ተመለሰችለት።

ባቫሪያ ግን ሌላ 14 ዓመት ፈጀች። በ1152 ባርባሮሳ ሲነግሥ ሃይንሪሽ ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበር። በ1155 ባርባሮሳ ሮም ላይ ዘውድ በጫነበት ቀን የከተማው ሰው ሲነሳበትም ሃይንሪሽ አብሮት ተዋግቷል። ውለታው በ1156 ተከፈለ። ባቫሪያን ይዞ የነበረው ሃይንሪሽ ያሶሚርጎት የተባለ ሰው ነው፤ በዚያ ላይ የአንበሳው የእንጀራ አባት ነበር (አዎ፣ ሁሉም ሃይንሪሽ ነው)። እሱ ግዛቱን እንዲለቅ ኦስትሪያ ከባቫሪያ ተቆርጣ ራሷን የቻለች መስፍናዊ ግዛት ሆነች። ዛሬ ኦስትሪያ የምትባለው አገር የራሷን መንገድ የጀመረችው በዚህ ሽምግልና ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ሰውየው እንደ አባቱ ሁለት ግዛት ይዟል። ልቡ ግን ያለው ሰሜን ነው። ከኤልበ ወንዝ ማዶ ቬንድ የሚባሉ የስላቭ ሕዝቦች ይኖሩ ነበር፣ አብዛኞቹም ክርስቲያን አልሆኑም። በ1147 በመስቀል ጦርነት ስም ዘመቻ ተከፈተባቸው፣ ወጣቱ ሃይንሪሽም ዘመተ። ከዚያም በኋላ ደጋግሞ ዘምቷል። በዚያው አካባቢ ይኖር የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ቄስ ሄልሞልድ በዘመቻዎቹ ስለ ገንዘብ እንጂ ስለ ክርስትና አንድም ነገር እንዳልተነሳ በምሬት ጽፏል። በ1160 ከቬንዶቹ አንዱ የሆነው የኦቦትሪት ነገድ አለቃ ኒክሎት ተገደለ፣ በምድሩ ላይም ሽቬሪን ከተማ ሆና ተመሠረተች። የኒክሎት ልጅ ፕሪቢስላቭ ግን እጁን ስላልሰጠ ሃይንሪሽ በ1167 አብዛኛውን አገሩን መልሶለት ተገዢው አደረገው። የፕሪቢስላቭ ዘር ያንን ምድር፣ ሜክለንቡርግን፣ እስከ 1918 ድረስ ገዝቷል። ሌላም ነገር አለ። በዚያ አካባቢ ጳጳስ መሾም የንጉሥ ሥልጣን ሲሆን ባርባሮሳ በ1154 ይሄንኑ ለሃይንሪሽ ሰጥቶታል። መስፍን እንዲህ ያለ ሥልጣን ሲይዝ ጎረቤቱ እንቅልፍ አይወስደውም።

የሉቤክ ታሪክ የሙኒክ ታሪክ መንታ ነው። ከተማዋን በ1143 ያቋቋመው የሆልሽታይኑ ባላባት አዶልፍ ሁለተኛ ነው። ወደብዋ ሲደራ የሃይንሪሽ ገበያ ባርዶቪክ ቀዘቀዘች፣ ሊውነቡርግ ያለው የጨው ገቢውም ተነካ። ግማሹን ስጠኝ አለ። አዶልፍ እምቢ አለ። መስፍኑ የሉቤክን ገበያ ዘጋ፣ ተፎካካሪ የነበረውንም የኦልደስሎ የጨው ምንጭ አስደፈነ። በ1157 ሉቤክ በእሳት ስትወድም ሃይንሪሽ አጠገቧ «የአንበሳ ከተማ» ብሎ ሌላ ከተማ ሊሠራ ሞከረ፣ ግን ቦታው ለትልልቅ መርከቦች አልሆነም። በመጨረሻ በ1159 አዶልፍ ተሸንፎ ቦታውን አስረከበ። ያኔ ሃይንሪሽ ሥራውን አሳየ፦ ወደ ዴንማርክ፣ ስዊድን፣ ኖርዌይና ሩስ መልእክተኛ ልኮ ነጋዴዎች በሰላም መጥተው እንዲነግዱ ጋበዘ፤ በ1161 ደግሞ የጎትላንድ ደሴት ነጋዴዎችን ከጀርመኖቹ ጋር አስታርቆ መብታቸውን በጽሑፍ አጸናላቸው። ሉቤክ ኋላ ላይ የሐንሳ የንግድ ማኅበር ዋና ከተማ የሆነችው በዚህ መሠረት ላይ ቆማ ነው።

መቀመጫው ብራውንሽቫይግ ነበረች። እዚያ ዳንክቫርደሮደ የሚባለውን ግቢውን አሠራ። በ1166 ገደማ ፊት ለፊቱ የነሐስ አንበሳ አቆመ። ሐውልቱ 880 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የዚያ ዘመን ሰው በአደባባይ የሚያየው ሐውልት አልለመደም፤ ይሄ ራሱን ችሎ የቆመ፣ አፉን የከፈተ አውሬ ነው። መልእክቱ ለማንም ግልጽ ነው። በ1168 ሚንደን ላይ የእንግሊዙን ንጉሥ የሄንሪ ሁለተኛን ልጅ ማቲልዳን አገባ። እሱ ወደ አርባ እየተጠጋ ነው፣ እሷ ገና 12 ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላትም። በ1172 ኢየሩሳሌም ተሳለመ፣ በመንገዱም ቁስጥንጥንያ ላይ ንጉሠ ነገሥት ማኑኤል ተቀበለው። ሲመለስ በ1173 የቅዱስ ብላስዮስን ካቴድራል ማስገንባት ጀመረ።

ከዚያ የኪያቬና ጉዳይ መጣ፤ ኪያቬና የሰሜን ጣሊያን ከተማ ናት። በ1176 መጀመሪያ ላይ ባርባሮሳ ከሰሜን ጣሊያን ከተሞች ጋር ተዋግቶ ጦር አጥሮት ነበር። እዚያ ሃይንሪሽን አግኝቶ እርዳኝ አለው። ንጉሠ ነገሥቱ እግሩ ላይ ወድቆ ለመነው ይባላል። ይሄን የጻፉት ግን ዘግይተው ነው፣ ስለዚህ ትዕይንቱን በጥርጣሬ ማየት ይሻላል። ሃይንሪሽ ዋጋ ጠየቀ፦ የጎስላርን ከተማ፣ ማለትም አጠገቧ ያለውን የራመልስበርግን የብር ማዕድን። ባርባሮሳ አልሰጠም። በሜይ 29 ሌኛኖ ላይ በሚላኖችና በአጋሮቻቸው ተሸነፈ።

ብዙ ሰው ውድቀቱን በዚህ ቂም ብቻ ይተርካል። እኔ ግማሽ እውነት ነው ባይ ነኝ። ሃይንሪሽን ለመጣል የተሰለፉት ለዓመታት የገፋቸው ጎረቤቶቹ ናቸው፦ የኮሎኝ ሊቀ ጳጳስ ፊሊፕ፣ የሃልበርሽታት ጳጳስ ኡልሪሽ፣ የሳክሶኒ መኳንንት። ንጉሠ ነገሥቱ ድሮ ክሳቸውን አፍኖ ይመልስላቸው ነበር፤ አሁን ጆሮ ሰጣቸው። ሃይንሪሽ ከ1179 ጀምሮ ችሎት ቅረብ ተብሎ ደጋግሞ ተጠራ፣ አንዴም አልቀረበም። በጃንዋሪ 1180 ቩርዝቡርግ ላይ ግዛቶቹ ተወረሱ። በኤፕሪል ጌልንሃውዘን ላይ ሳክሶኒ ተቆራረጠች፤ ቬስትፋሊያ ለኮሎኙ ሊቀ ጳጳስ፣ ምሥራቁ ለአንሃልቱ በርንሃርድ ሆነ። ባቫሪያ ለኦቶ ቪተልስባህ ተሰጠች፤ ያም ቤት እስከ 1918 አልለቀቃትም። ትንሽ ተዋጋ፣ ወዳጆቹ አንድ በአንድ ከዱት። በኖቬምበር 1181 ኤርፉርት ላይ ባርባሮሳ እግር ስር ወደቀ። በብራውንሽቫይግና በሊውነቡርግ ዙሪያ ያለው የግል ርስቱ ብቻ ቀረለት፤ ከአገርም ተሰደደ።

ስደቱን ያሳለፈው አማቱ ዘንድ፣ ኖርማንዲና እንግሊዝ ውስጥ ነው። በ1185 ተመለሰ። በ1189 ባርባሮሳ ለመስቀል ጦርነት ሲነሳ ሃይንሪሽ አገር ውስጥ እንዳይቀር እንደገና ተሰደደ። በዚያው ዓመት ማቲልዳ ሞተች። እሱም ቃሉን አፍርሶ ተመለሰ። ከ1180 በኋላ በሯን የዘጋችበትን ባርዶቪክን በኦክቶበር 28 አወደማት። የራሱ የድሮ ገበያ ናት! በሉቤክ ላይ ያን ሁሉ ያደረገው ለእሷ ሲል ነበር። ባርዶቪክ ከዚያ በኋላ አላንሰራራችም።

በ1194 ከባርባሮሳ ልጅ ከሄንሪ ስድስተኛ ጋር ታረቀ። ኦገስት 6 ቀን 1195 ብራውንሽቫይግ ውስጥ ሞተ፣ ካቴድራሉ ውስጥም ከማቲልዳ ጎን ተቀበረ። እሱ ያላገኘውን ዘውድ ልጁ ኦቶ አራተኛ በ1209 ሮም ላይ ደፋ። በ1714 ለንደን የነገሠው ጆርጅ አንደኛም ከዚሁ ቤት ነው። የሰውየው ስም ግን መጥፎ ሰዎች እጅም ገብቷል። ናዚዎች የምሥራቁን ዘመቻውን ለራሳቸው ወረራ አርአያ አደረጉት፣ በ1935 መቃብሩን ከፈቱ፣ ካቴድራሉንም የፓርቲ መታሰቢያ አድርገውት ነበር።

ከሁሉም የቀረው ትልቁ ቅርስ መጽሐፍ ነው። ሃይንሪሽና ማቲልዳ ለካቴድራላቸው ያሠሩት፣ የሄልማርስሃውዘን መነኮሳት በብራና የጻፉትና በሥዕል ያስጌጡት ወንጌል ነው። አንዱ ሥዕል ላይ ከሰማይ የተዘረጉ እጆች በመስፍኑና በሚስቱ ራስ ላይ አክሊል ያደርጋሉ፣ ጀርባቸው ደግሞ ንጉሣውያን ዘመዶቻቸው ቆመዋል። በዲሴምበር 1983 ለንደን ላይ በሐራጅ ሲወጣ በ32.5 ሚሊዮን የጀርመን ማርክ ተሸጠ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለመጽሐፍ ይህን ያህል ተከፍሎ አያውቅም። ገዢዎቹ የጀርመን ፌዴራል መንግሥት፣ የፕሩሲያ የባህል ቅርስ ድርጅት፣ እንዲሁም ከሰሜን የታችኛው ሳክሶኒ፣ ከደቡብ ባቫሪያ ነበሩ፤ ገንዘቡን አዋጥተው ነው የገዙት። አሁን ቮልፈንቡተል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል፣ ቀለሙ እንዳይጎዳ ስለሚፈራ ለሕዝብ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው።