ግምጃ ቤቱና ባንኩ፦ የብሪታንያ ኢኮኖሚ ፖሊሲ በማን እጅ ነው?

የብሪታንያን ኢኮኖሚ በዋናነት የሚመሩት ሁለት ተቋማት ናቸው። ግብር፣ ወጪና የመንግሥት ብድር የግምጃ ቤቱ ሥራ ነው፤ ወለድን የሚወስነው ደግሞ ባንክ ኦፍ ኢንግላንድ። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ግምጃ ቤቱ የበጀትና የኢኮኖሚ ሚኒስቴርን ሥራ ደርቦ ስለያዘ ሌሎቹ ሚኒስቴሮች ያለ እሱ ፈቃድ ብዙም አይራመዱም። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጥንታዊ ማዕረግም «የግምጃ ቤቱ ቀዳማዊ ሎርድ» ሲሆን፣ በዳውኒንግ ስትሪት 10 ቁጥር በር ላይ የተቀረጸው ይኸው ነው። የግብር ዓመቱ ኤፕሪል 6 የሚጀምረው እንኳ አገሪቱ በ1752 የዘመን አቆጣጠሯን ቀይራ 11 ቀን ስትዘል ግምጃ ቤቱ የነዚያን ቀናት ግብር ላለማጣት ሲል ነው ይባላል።

ባንኩ የተመሠረተው በ1694፣ ከፈረንሳይ ጋር ይዋጋ ለነበረው ለሣልሳዊ ዊልያም መንግሥት 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ ለማበደር ነው። ስሙ የአገር ይመስላል እንጂ የክሌመንት አትሊ የሌበር መንግሥት በ1946 እስኪወርሰው ድረስ የግል ባለአክሲዮኖች ንብረት ነበር። ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በወለድ ላይ የመጨረሻው ቃል ግምጃ ቤቱን የሚመራው የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ።

ይህ አሠራር አመኔታውን ያጣው ሴፕቴምበር 16 ቀን 1992 ነው። ፓውንድ የአባል አገሮችን ገንዘብ ምንዛሪ በተወሰነ ክልል ውስጥ በሚያቆየው በአውሮፓ የምንዛሪ ተመን ሥርዓት ውስጥ ነበር፤ ነጋዴዎች በገፍ ሲሸጡት መንግሥት ጠዋት ወለዱን ከ10 ወደ 12 በመቶ አወጣ፣ ከሰዓት በኋላ 15 እንደሚያደርስ አስታወቀ፣ ማምሻውን ተሸንፎ ከሥርዓቱ ወጣ። በሥልጣን ላይ የነበረው የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ «ኢኮኖሚ እናውቃለን» የሚለው ስሙ ለዓመታት አላገገመም። በሜይ 1997 ሌበር ሲያሸንፍ አዲሱ የገንዘብ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን በቀናት ውስጥ ወለድ የመወሰን ሥልጣኑን ለባንኩ ሰጡ። ዛሬ 9 አባላት ያሉት ኮሚቴ በዓመት 8 ጊዜ እየተሰበሰበ በድምፅ ይወስናል።

ነጻነቱ ግን ገመድ አለው። 2 በመቶ የሆነውን የዋጋ ንረት ግብ የሚያስቀምጠው ሚኒስትሩ ነው። ንረቱ ከግቡ ከ1 የመቶኛ ነጥብ በላይ ከራቀ የባንኩ ገዥ ለሚኒስትሩ ምክንያቱን በደብዳቤ ያስረዳል። የባንኩን ነጻነት ያጸናው የ1998ቱ ሕግም በአስጊ ጊዜ ባንኩን የማዘዝ መብት ለግምጃ ቤቱ አስቀርቷል። ባንኩ ኢኮኖሚውን ለማነቃቃት ከ2009 ጀምሮ በአብዛኛው የመንግሥት ቦንድ (መንግሥት የሚበደርበት ሰነድ) ሲገዛ (ጣሪያው 895 ቢሊዮን ፓውንድ ደርሷል) ኪሳራውን የሚሸፍነው ግምጃ ቤቱ እንዲሆን ተዋውለው ነበር፤ ወለድ ሲወጣ የቦንድ ዋጋ ስለሚወርድ ኪሳራውም መጣ።

ሦስተኛው ተቋም የበጀት ኃላፊነት ጽሕፈት ቤት ነው። የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ጆርጅ ኦስቦርን በ2010 ያቋቋሙት ሚኒስትሮች ትንበያውን ለራሳቸው ያስማማሉ የሚለውን ጥርጣሬ ለመቁረጥ ነው። በሴፕቴምበር 2022 የገንዘብ ሚኒስትሩ ኩዋሲ ኩዋርቴንግ 45 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ የግብር ቅነሳ ሲያውጁ የጽሕፈት ቤቱ ትንበያ አብሮ አልቀረበም። የቦንድ ዋጋ ወደቀ፤ ቦንድ አስይዘው የተበደሩ የጡረታ ፈንዶች ተጨማሪ ዋስትና ሲጠየቁ ለጥሬ ገንዘብ ሲሉ ቦንዳቸውን ሸጡ፣ ዋጋውም ይብስ ወረደ። ንረትን ለመግታት ቦንድ ሊሸጥ ሲሰናዳ የነበረው ባንክ እስከ 65 ቢሊዮን ፓውንድ እገዛለሁ ብሎ ገባ። ሚኒስትሩ በሦስት ሳምንት ተሻሩ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዝ ትረስም ኦክቶበር 20 ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። በ2024 የወጣው ሕግ ጽሕፈት ቤቱ ትላልቅ የግብርና የወጪ ውሳኔዎችን፣ ሚኒስትሩ ባይጠይቁት እንኳ፣ በራሱ ገምግሞ እንዲያወጣ ያዛል።