«ኮረብታዋ ትንሽ ናት» እና ሌሎች ስለ ሚኒሶታ ስኪ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሴንት ፖል ውስጥ ገና አልፎ ጥምቀት ሲቃረብ በየቡናው አንድ ጥያቄ ይነሣል። ልጆቹ ቤት ተዘግቶባቸው ሰነበቱ፤ የት እንውሰዳቸው? የእኔ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። ከከተማው ብዙም ሳይርቁ ካሉት ትንንሽ የስኪ፣ ማለትም የበረዶ መንሸራተቻ፣ ኮረብታዎች ወደ አንዱ ውሰዷቸው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ክርክር በቃሌ ይዤዋለሁ። «እዚያማ በረዶ የለም።» «ልጆቹን ብርድ ይመታብኛል።» «ስኪ ኮሎራዶ እንጂ እዚህ ምን አለ?» ልጆቼን ይዤ እነዚህ ኮረብታዎች ላይ ስመላለስ ስድስት ዊንተር ሆኖኛል። ከእነዚህ ፍርሃቶች ብዙዎቹ የእኔም ነበሩ። ስለዚህ አንድ በአንድ ልመልሳቸው።

«ኮረብታዋ ትንሽ ናት፤ ምን ትጠቅማለች?»

በርንስቪል ያለውን ባክ ሂልን እንውሰድ። ከሚኒያፖሊስ በ35 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ሲነዱ ከመኪና ሆነው ያዩታል። ሰው ከ1954 ጀምሮ ይንሸራተትበታል። ከሥሩ እስከ ጫፉ ግን 100 ሜትር አይሞላም። ብሉሚንግተን ያለው ሃይላንድ ሂልስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ 53 ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦን እያየ ላደገ ሰው ይህን ኮረብታ ማለት ይከብደዋል።

ሊንዚ ቮን ግን ስኪ የተማረችው ባክ ሂል ላይ ነው። በ2010 ቫንኩቨር ኦሎምፒክ በዳውንሂል፣ በቁልቁለት ፍጥነት ውድድር፣ ወርቅ ያገኘችው ሊንዚ ቮን። አሠልጣኝዋ ኤሪክ ሳይለር ነበር። ከእርሷ በፊትም ኦሎምፒክ የደረሰችው ክሪስቲና ኮዝኒክ ከዚያው ኮረብታ ወጥታለች። ሚስጥሩ ማጠሩ ላይ ነው። ትልቅ ተራራ ላይ አንዴ ከወረድክ በኋላ ለመመለስ ረጅም ጊዜ ሊፍት ላይ፣ ሰውን ወደ ጫፍ በሚያወጣው ተንጠልጣይ ወንበር፣ ትቀመጣለህ። እዚህ ቁልቁል መውረዱ አንድ ደቂቃም ላይፈጅ ይችላል፤ ከዚያ የሚጎትተውን ገመድ ይዘህ ወዲያው ትመለሳለህ። በአንድ ምሽት ስንት ዙር! ልጅ የሚማረው ደግሞ በመደጋገም ነው።

ለወላጅ ከዚህም የሚበልጥ ጥቅም አለው። ሻይህን ይዘህ ከሥር ቆመህ ኮረብታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ታየዋለህ። ልጅህ የቱ ጋ እንደወደቀ፣ እንደተነሣ፣ ከማን ጋር እንደሚስቅ ይታይሃል። ልጅ ጠፋብኝ ብሎ መሯሯጥ የለም። እኔን ለስድስት ዓመት ያመላለሰኝ በዋናነት ይህ ነው።

«ከፍታ ከሌለው ብርድም የለውም»

ይህ የእኛ የራሳችን ስሕተት ነው፤ ከየት እንደመጣም ግልጽ ነው። ያደግነው ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እየተባልን ነው። ብርድ ማለት ከፍታ ማለት ነበር። ደብረ ብርሃን ይበርዳል፤ አዋሽ ይሞቃል። አበቃ።

ሚኒሶታ ላይ ይህ ሂሳብ አይሠራም። የግዛቱ ከፍተኛ ቦታ ኢግል ማውንቴን 701 ሜትር ነው። በእኛ አቆጣጠር ንጹሕ ቆላ ማለት ነው። ብርዱን የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው። ሚኒያፖሊስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 45 ዲግሪ ላይ ናት። የጥር ፀሐይ ዝቅ ብላ ታልፋለች፤ ቀኑም አጭር ነው። ብርዱን የሚያለዝብ ውቅያኖስ በቅርብ የለም። ከካናዳ የሚወርደውን የአርክቲክ አየር የሚገታ ተራራም የለም። አየሩ ሜዳ ለሜዳ ሰተት ብሎ ይገባል።

እንዲያውም ነፋስ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ታች ይወርድና ሸለቆው ውስጥ ይተኛል። ጠዋት ላይ ከኮረብታው ጫፍ ይልቅ ፓርኪንጉ ሊበርድ ይችላል። ልጆች ከመኪና ወርደው «ሞቅ ሲል እንምጣ» ካሉ አንዴ ወደ ላይ ይውጡና ይሞክሩት።

«ፀሐይ ወጥታለች፤ ዛሬ ይሞቃል»

በጥር ወር ሰማያዊና ጥርት ያለ ሰማይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአርክቲክ አየር ጋር ነው። ደመና እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ የምድሩን ሙቀት ይይዛል። ደመናው ሲገፈፍ ሙቀቱ ወደ ላይ ያመልጣል። ይህን እኛ አሳምረን እናውቀዋለን። በኅዳርና በታኅሣሥ ደጋ ላይ ውርጭ የሚመታው ሰማዩ በከዋክብት ሲሞላ አይደል? እዚህም ሕጉ ያው ነው። በረዶ እየጣለ ያለ ቀን ደመናማ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ለልጅ ይሻላል።

ፀሐይዋን ግን አትናቁ። አዲስ በረዶ ከሚያርፍበት የአልትራቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን መልሶ ይረጨዋል። የፀሐይ ክሬምና የዓይን መከላከያ ለእኛም ቆዳ ያስፈልጋል።

«ግቢዬ ውስጥ በረዶ የለም፤ ኮረብታው ባዶ ነው»

በጣም የተለመደው ስሕተት ይህ ነው፤ ብዙ ቅዳሜ ያባከነውም ይህ ነው። የእነዚህ ኮረብታዎች በረዶ አብዛኛው ከሰማይ የወረደ አይደለም። በማሽን የተሠራ ነው።

አሠራሩን ለልጆቼ ያስረዳኋቸው በእንስራ ነው። እንስራ ውስጥ ያለ ውኃ ለምን ይቀዘቅዛል? ከሸክላው ላይ የሚያልበው ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ። አየሩ ደረቅ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ይቀዘቅዛል። የበረዶ ማሽኑም ውኃውን ወደ ጭጋግ የሚጠጉ ጥቃቅን ጠብታዎች አድርጎ ወደ አየር ይነፋዋል። ከጠብታው ትንሽ ይተናል፤ የቀረው ይበልጥ ቀዝቅዞ መሬት ሳይደርስ ረግቶ በረዶ ይሆናል።

ስለዚህ በማሽን በረዶ የሚነፉት ሰዎች ተራውን ሙቀት ብቻ አያዩም። እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበት ቴርሞሜትር የሚያሳየውን ቁጥር ያያሉ። እርሱ ከ−2 ወይም ከ−3 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ሥራ ይጀመራል። አየሩ ደረቅ ከሆነ ተራው ሙቀት 0 ሆኖም በረዶ ይሠራል። አየሩ በእርጥበት ከጠገበ ግን −1 ሆኖም አይሠራም። እንዲህ የተሠራው በረዶ ክብና ጠጣር ነው። ከሰማይ ከወረደው ትኩስ በረዶ ብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ ቶሎም አይቀልጥም።

የ2023–24ን ዊንተር ታስታውሳላችሁ። ለሚኒያፖሊስና ለሴንት ፖል በታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ ሞቃቱ ነበር። ግቢያችን ሣሩ ታይቶ ሰነበተ። በዚያው የካቲት ጎረቤታችን ዊስከንሰን ውስጥ በርኪባይነር የሚባለው ታላቁ የአገር አቋራጭ ስኪ ውድድር አልተሰረዘም። ረጅሙ የጫካ መንገድ ቀርቶ በማሽን በረዶ በተሠራ የ10 ኪሎ ሜትር ዙር ላይ ተካሄደ። የግቢ ሣር ስለ ኮረብታው ምንም አይነግረንም።

ታዲያ ምን እንይ? የኮረብታውን የዕለት መግለጫ። ስንት መንገድ ተከፍቷል፣ ስንት ሊፍት ይሠራል፣ የበረዶው ውፍረት ስንት ነው ይላል። የአየር ትንበያ ስለ ሰማዩ ነው፤ ይህኛው ስለ መሬቱ ነው። ሁለቱን ሳላይ ቁልፍ አላነሣም።

«ስልኬ ነግሮኛል፤ ይበቃል»

ስልኩ የሚነግረን ብዙ ጊዜ ስለ ከተማው ነው፤ አንድ ትልቅ ቁጥር ብቻ ያሳየናል። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ትንበያ አገልግሎት ድረ ገጽ ላይ ግን ካርታው ተከፍቶ ኮረብታው ያለበት ቦታ ላይ ጠቅ ይደረጋል። ለዚያች ነጥብ ብቻ የተሰላ የሰባት ቀን ትንበያ ይወጣል። በነፃ ነው። ከሥሩ የሰዓት በሰዓት ሰንጠረዥ አለው፤ ሙቀቱ፣ ነፋሱ፣ እርጥበቱ በየሰዓቱ ይታያል። የእኔ ቤተሰብ ውሳኔ የሚሰጠው በዚያ ሰንጠረዥ ነው። በታኅሣሥ እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው በአበሻ ሰዓት 10 ተኩል ገደማ ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ወጥተው ለማታው ስኪ እስክንደርስ ቀን ያየነው ቁጥር አብሮን የለም።

መቶኛውም ያሳስታል። «የበረዶ ዕድል 60 በመቶ» ማለት ቀኑን 60 በመቶ ይጥላል ማለት አይደለም፤ ብዙ ይጥላል ማለትም አይደለም። በዚያ ቦታ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ትንሽም ቢሆን የመውረዱ ዕድል ነው። ስንት ኢንች እንደሚጠበቅ ለብቻው ተጽፏል።

አዲስ ለመጣ ዘመድ ደግሞ ፋራናይቱ ግራ ያጋባል። 32 ሲባል 0 ሴልሺየስ ነው። 14 ማለት −10 ነው። 0 ፋራናይት ማለት −18 ነው፤ ዜሮ ሲባል ሰምቶ ቀለል ያለ ጃኬት ይዞ የመጣ ዘመድ አይቻለሁ፤ አሳዝኖኛል።

ከሁሉም በላይ የሚታየው ግን የነፋሱ ብርድ፣ ዊንድ ቺል የሚሉት ነው። ቴርሞሜትሩ −18 ሴልሺየስ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ከነፈሰ፣ ፊት ላይ እንደ −28 ይሰማል። በዚህ ልክ ያልተሸፈነ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ በብርድ ሊረጋ ይችላል። ስኪ ላይ ደግሞ ነፋሱን ራሳችን እንጨምርበታለን፤ ቁልቁል መውረድ ማለት ነፋስ መቀበል ነው። ከዚያ ሊፍት ላይ ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥ አለ። እኔ የነፋሱ ብርድ ከ−20 ሴልሺየስ ከወረደ ትንንሾቹን አላወጣም። ትልልቆቹ ከወጡም በየ20 ደቂቃው ገብተው ይሞቃሉ። የልጅ ጉንጭ ወይም የአፍንጫ ጫፍ መልኩ ከተለወጠ፣ ከገረጣ ወይም ከደነዘዘ ወዲያው ወደ ቤት ውስጥ አስገቡት። አትሹት፤ ማሸት ቆዳውን ይጎዳል። በሞቀ እጅ ይዛችሁ ቆዩ፤ ካልተመለሰ ወደ ሐኪም።

«ዝናብ ካልሆነ በረዶው አይቀልጥም»

ጭጋግን እፈራዋለሁ። ሞቅ ያለ እርጥብ አየር በረዶ ላይ ሲያርፍ እርጥበቱ ወደ ውኃነት ይለወጥና ሙቀቱን ለበረዶው ይሰጠዋል። ደረቅና ፀሐያማ ከሆነ ቀን ይልቅ ጭጋጋማ ሌሊት ብዙ በረዶ ይበላል። ከዚያ ማግስት ሙቀቱ ከወረደ መንገዱ እንደ መስታወት ይሆናል። ለጀማሪ ልጅ ያ ቀን ጥሩ አይደለም። በረዶ ደልዳዩ ማሽን ሌሊት አልፎበት ከሆነ ግን ይሻላል።

«ጋቢ ደራርበን እንሄዳለን»

ጋቢን እወዳለሁ፤ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ። ጋቢም ጂንስም ጥጥ ነው። ጥጥ ላብና የቀለጠ በረዶ ሲጠጣ አይደርቅም፤ ሰውነት ላይ እንደ ቀዝቃዛ ፎጣ ይለጠፋል። ጀማሪ ደግሞ ግማሹን ጊዜ በረዶ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያሳልፈው። ከውስጥ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ ከመሃል ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ ሹራብ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ ሱሪና ጃኬት። ካልሲ አንድ ብቻ። ሁለት ካልሲ ጫማውን ያጣብቀዋል፤ ደም ካልተዘዋወረ እግር ይበርደዋል። ጣት የሌለው ጓንት፣ በውስጡ ጣቶች ተቃቅፈው የሚቀመጡበት፣ ለልጅ ይሞቃል። ጫማው፣ ስኪውና ሄልሜቱ እዚያው ይከራያል።

«የእኛ ነገር አይደለም»

ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ የክረምት ኦሎምፒክ ገባ፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሱ ነው። በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመለሰ። የእርሱ አገር አቋራጭ ስኪ ነው፤ ቁልቁለት አይደለም። ልጆቼ ግን ስሙን ሲሰሙ ቀጥ ብለው ነበር የተቀመጡት።

ገንዘቡም እንደሚወራው አይደለም። ትንንሽ ኮረብታዎች ለጀማሪ ቲኬት፣ ኪራይና ትምህርት አንድ ላይ ይሸጣሉ፤ አስቀድሞ ኢንተርኔት ላይ መግዛት ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ቅዳሜና እሑድን አትምረጡ፤ ሰልፉ ረጅም ነው። ትምህርቱን አትዝለሉ። ብዙ ቦታ ከ4 ዓመት ገደማ ጀምሮ ይቀበላሉ። አባት ልጁን ይዞ ቁልቁል ሲወርድ ሁለቱም ሲወድቁ አይቻለሁ። አስተማሪው ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሜዳው ላይ መቆምን ያስተምረዋል።

«ማርች ከገባ አለቀ»

አላለቀም። በዊንተሩ ሙሉ የተነፋው የማሽን በረዶ ያን ጊዜ ወፍራም ነው፤ ቀኑም ረዝሟል። ሰው ግን ግቢው ስለደረቀ አይመጣም። ሊፍቱ ሰልፍ የለውም። ሌሊት የረጋው በረዶ ማለዳ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ቁርስ በልታችሁ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ረፋድ ላይ ፀሐይ ላዩን ታለሰልሰዋለች። ያቺ የሁለት ሰዓት ጊዜ ለጀማሪ ከዓመቱ ሁሉ ምርጧ ናት፤ መውደቅም አያሳምም። ከምሳ በኋላ ጭቃ ጭቃ ይላል፤ እግርም ይከብዳል። ያን ጊዜ ልጆቹን ሰብስቡና ፔርሙዙን ክፈቱ።