የክትባት ማመንታት ምንድን ነው? ከጅማ ሆነን ስናየው

ጅማ ውስጥ ልጇን የኩፍኝ ክትባት ለማስከተብ በጠዋት ጤና ጣቢያ የምትሰለፍ እናት ሞልታለች። ካርዱን በፌስታል ጠቅልላ፣ ቀጠሮውን በቃሏ ይዛ ትመጣለች። ማንም አስገድዷት አይደለም። ያቺው እናት በ2013 ዓ.ም. «የኮሮና ክትባት መጥቷል፣ ነይ ውሰጂ» ስትባል «እስቲ ቆይ፣ መጀመሪያ የሌላውን ልይ» አለች። የክትባት ማመንታት የሚባለው ይኼ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች አጭር ትርጉም ሰጥተውታል። አገልግሎቱ እያለ ክትባቱን ማዘግየት ወይም እምቢ ማለት ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ጉዳዩን የዓለምን ጤና ከሚያሰጉ አስር ነገሮች አንዱ አድርጎ መድቦታል። ያኔ ኮሮና የሚባል ስም እንኳ አልተሰማም ነበር። ክትባቱ ጭራሽ ያልደረሰው ገበሬ አመነታ አይባልም። ሁሉንም ክትባት በጅምላ የሚቃወመውም ሌላ ሰው ነው። የሚያመነታው መሃል ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ነው፤ በቁጥርም የሚበዛው እሱ ነው።

ብዙዎች ነገሩን ካለመማር ጋር ያያይዙታል። እኔ አይዋጥልኝም። የመጨረሻው በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው ሰው ሶማሊያ፣ መርካ ከተማ ውስጥ የነበረው ዓሊ ማው ማሊን ነው። ጊዜው ጥቅምት 1970 ዓ.ም. ነው። ሰውዬው የሚሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነበር፣ በምግብ አብሳይነት። ክትባቱ እጁ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ግን መርፌው ያማል ብሎ ፈርቶ ሳይከተብ ቀረ። ከበሽታው ድኖ ከዓመታት በኋላ ሶማሊያ ውስጥ ለፖሊዮ ክትባት ሰው ሲቀሰቅስ ኖረ። እኔም የደረሰብኝን ላውራችሁ እያለ ነበር የሚያሳምናቸው።

ባለሙያዎቹ የማመንታትን ምክንያት በሦስት ይከፍሉታል። እምነት ማጣት፣ «ምን ያመጣብኛል» ማለት፣ እና አለመመቸት። ሁለተኛውን ቶሎ እንለፈው። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የኮሮና ቫይረስ የተገኘበት ሰው፣ መጋቢት 4 ቀን 2012፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። «የውጭ ሰው በሽታ ነው» የሚለው ወሬ ወዲያው ነው የተነሳው። ትንሽ ቆይቶ «የአዲስ አበባ በሽታ» ሆነ። ሰፈሩ ውስጥ በኮሮና የሞተ ሰው ያላየ ሰው ለምን ብሎ ይቸኩላል?

ዋናው ነገር እምነት ነው። ክትባቱን ከማመን በፊት ደግሞ ያመጣውን ማመን ይቀድማል።

ቀኖቹን እንያቸው። 2 ሚሊዮን ከ184 ሺህ ዶዝ አስትራዜኒካ የተባለው የኮሮና ክትባት፣ ኮቫክስ በተባለው ክትባት ለአገሮች በሚያዳርስ ዓለም አቀፍ ጥምረት በኩል አዲስ አበባ የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ነው። ክትባቱ መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ነው፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ። ዴንማርክ ደግሞ በደም መርጋት ስጋት ይኸንኑ ክትባት ያቆመችው መጋቢት 2 ነው። ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በመጋቢት 6 ተከተሏት። ጅማ መርካቶ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን የሚያይ ነጋዴ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም ዜና አነበበ። እነሱ አቆሙት፣ ለእኛ ጀመሩት። ከዚህ ሌላ ምን እንዲያስብ ነው የሚጠበቀው?

የደም መርጋቱ ጉዳይ እውነት ነበር። ግን እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከ10 ሺህ ሰው ከአንድ በታች ከሚደርስባቸው የጎንዮሽ ጉዳቶች ጋር ነው የመደበው፤ ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥም አሳውቋል። ይህን እንዳለ ቁጭ አድርጎ ማስረዳት ይቻል ነበር። «ምንም የለውም፣ ውሰዱ ብቻ» የሚል መልስ ግን የሰውን ጥርጣሬ ያባብሰዋል። ጠያቂው ስልኩ ላይ ያየውን ነገር አንተ የለም ስትለው፣ ሌላውንም አያምንህም።

ከዚያ በፊትም የተጠራቀመ ነገር ነበር። በ2012 መጋቢት መጨረሻ ላይ አንድ ሐኪምና አንድ ተመራማሪ በፈረንሳይ ቴሌቪዥን ቀርበው የቲቢ ክትባት ለኮሮና ይሠራ እንደሆነ አፍሪካ ውስጥ ይሞከር የሚል ወሬ አወሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም ዘረኝነት ነው ብለው አወገዙት። ንግግሩ ግን በየስልኩ ዞረ። ስለዚህ «ሊሞክሩብን ነው» ያለ ሰው ከሜዳ ተነስቶ አይደለም። «ቺፕ አለበት»፣ «መካን ያደርጋል»፣ «በሁለት ዓመት ውስጥ ይገድላል» የሚሉት ሐሰት ናቸው። ጅማ ውስጥ ቡና ሦስት ጊዜ ይፈላል፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ይህ ሁሉ ወሬ ተነስቶ፣ አድጎ፣ ምስክር ሁሉ አግኝቶ ያበቃል። ጤና ቢሮ ማስተባበያውን እስኪጽፍ ድረስ ሰፈሩ አምስት ጊዜ ቡና ጠጥቷል።

መንግሥት ደህና የሠራው ነገር አለ። 8335 ነፃ የስልክ መስመር ነበር። ያኔ ስልክ በደወልን ቁጥር ስለ ኮሮና ይናገር የነበረው ድምፅ ቢያሰለችም ከጆሯችን አይጠፋም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ምርመራ መጀመሩም ናሙና አዲስ አበባ ድረስ ከመላክ አድኗል።

ግን ሰው የሚያየው መልእክቱን ብቻ አይደለም፤ የመልእክተኛውንም ሥራ ይመለከታል። በ2012 መጋቢት ላይ ሁለት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ለኮሮና የሚሆን የባህል መድኃኒት የምርምር ደረጃዎችን እያለፈ ነው ብለው በይፋ ተናገሩ። ሕዝቡ ደስ አለው። መድኃኒቱ ገበያ ላይ አልደረሰም። ዓመት ቆይቶ የውጭ ክትባት ሲመጣ «የኛው የት ገባ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቀው። በሰኔ 2012 ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘጋ፣ ያውም በወረርሽኝ መሃል። በአስቸኳይ ጊዜው ታክሲና ባጃጅ ሰው ቀንሰው እንዲጭኑ ሲታዘዝ የታሪፉን ጭማሪ የከፈለው ተሳፋሪው ነው። በ2013 ምርጫው ሲቃረብ ደግሞ የድጋፍ ሰልፍ ላይ ሰው ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ታየ። ትናንት «ተራራቁ» ሲል የነበረው አካል ራሱ ነው ሰልፉን የጠራው። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አፍ አውጥቶ ላይናገር ይችላል። ክትባት ሲባል ግን ያስታውሰዋል።

አለመመቸት ብዙ ጊዜ ማመንታት ተብሎ የሚጻፍ ነገር ነው። አጂፕ አካባቢ ባጃጅ ውስጥ የሰማሁት ንግግር ሁሌም ትዝ ይለኛል። ሾፌሩ አንዷ ተሳፋሪ ነርስ መሆኗን አውቆ ነው የጠየቃት።

«ሲስተር፣ ያን መርፌ ከተወጋሁ ስንት ቀን ያስተኛኛል?»

«አንድ ሁለት ቀን ሊያተኩስህ ይችላል ወንድሜ። ከዚያ ይለቅሃል።»

«እና የባጃጁ ባለቤት የሁለት ቀን ገቢውን ይተውልኛል?»

ልጁ ቺፕ አላለም፣ ሳይንስ አልካደም። ሒሳብ ነው የሠራው። በ2014 ኅዳር አገር አቀፍ የክትባት ዘመቻ ሲከፈት በጅማ ዙሪያ ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነበር። ለቃሚ የሚከፈለው በለቀመው ልክ ነው። ዘመቻውን ያቀደ ሰው ይህን የቀን መቁጠሪያ ቢያየው ኖሮ ብዙ «እምቢተኛ» ባልተመዘገበ ነበር ባይ ነኝ።

መልስ በጊዜው ከተገኘ ማመንታት እንደሚቀንስም አይተናል። በ2013 ረመዳን የገባው ሚያዝያ 5 ነው፣ ክትባቱ በተጀመረ በወሩ። እንደ ጅማ ባለ ሙስሊም የሚበዛበት ከተማ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጾም ያስፈታል ወይ?» ነው። የሳውዲው ዋና ሙፍቲ ከረመዳን በፊት አያስፈታም፣ ምግብና መጠጥ አይደለምና ብለው መልስ ሰጥተው ነበር። ጥያቄው ከሚያምኑት ሰው፣ በሚገባቸው ቋንቋ፣ ቀድሞ ተመለሰ።

ማመንታት ዋጋ አያስከፍልም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ሰሜን ናይጄሪያ ካኖ ውስጥ የመድኃኒት ኩባንያው ፋይዘር በማጅራት ገትር ወረርሽኝ መሃል በሕጻናት ላይ ያደረገው የመድኃኒት ሙከራ ለዓመታት ክስ ያስከተለ ጉዳይ ነው። ያ ቁስል ሳይሽር እ.ኤ.አ. በ2003 ካኖ የፖሊዮ ክትባትን አቆመች። ቫይረሱ ድንበር አቋርጦ፣ በሱዳን በኩል አድርጎ ኢትዮጵያም ገባ። ካኖ ላይ የተበላሸ እምነት እዚህ ያለ ልጅ እግር ላይ አረፈ።

ጉዳዩ በኮሮና አላበቃም። ለሴት ልጆች የሚሰጠው የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ እየተሰጠ ነው። «ልጄን መካን ያደርግብኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ እዚያም ይነሳል። አያደርግም። የሚከላከለው ካንሰር የሚያስከትለውን ቫይረስ ነው። ይህንን ለወላጅ የሚነግረው ሰው ከዘመቻው ቀን በፊት፣ ከነጥያቄው ሊያዳምጠው ጊዜ ይዞ ይሂድ። ወረቀት አስፈርሞ የሚመለስ ከሆነ ወላጁ ማታ የሚጠይቀው ጎረቤቱን ነው።