ሃምሳ ሎሚ፣ የበርሊን ፍርስራሽና የቆሼ ክምር

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።»

ይህን አባባል ያልሰማ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ጎንደር ውስጥ ሠርግ ያለበት ሰፈር ብትደርሱ፣ ዳስ ሲጣል ወይም ድስት ሲታጠብ አንዱ አባት ወይም አንዷ እናት ማለታቸው አይቀርም። ትርጉሙም ቀላል ነው። ለአንድ ሰው የሚከብድ ሥራ ለብዙ ሰው ሲከፋፈል ይቀላል። ለፈተና ይህን ከጻፋችሁ ሙሉ ማርክ ታገኛላችሁ። እኔ ግን አባባሉ ከዚህ በላይ የሚናገረው ነገር አለው ባይ ነኝ።

እስቲ መጀመሪያ ሎሚውን እንየው። የእኛ ሎሚ ትንሽ ነው። ሃምሳው ተደምሮ ሦስት ኪሎ መሙላቱን እንጃ። ከቅዳሜ ገበያ የሚመለስ ሰው ከዚያ የበለጠ ሽንኩርት በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ይመጣል። ታዲያ ሸክምነቱ ምኑ ላይ ነው? ያለ ዘምቢል ሞክሩት። አንዱን ስትይዙ ሌላው ያመልጣል። እሱን ለማንሳት ጎንበስ ስትሉ ሦስቱ ቁልቁለቱን ይዘው ይንከባለላሉ። ሰውየውን የሚያደክመው ብዛቱ ነው፤ ሁለት እጅ ለሃምሳ ነገር አይበቃም።

ጌጥ የሚለውስ? ይህን የጎንደር ሰው ሳይነገረው ይገባዋል። ለጥምቀት ሎሚ በእጅ ይያዛል፣ ይሸተታል። ጎረምሳውም ለወደዳት ልጅ ይወረውራል። ጥር 11 ቀን በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ አንድ ሎሚ ይዞ የቆመን ሰው «ምን ተሸከምክ?» የሚለው የለም። አምሮበታል። አባባሉ የተነሣበት ሥዕል ይኸው ነው፤ ገበያና በዓል። ስለዚህም «ይቀላል» ብሎ አላቆመም። ያው ሎሚ፣ ያው ብዛት፣ እጅ ሲበዛለት የደስታ ዕቃ ይሆናል አለ። ደቦ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቀዋል። አጨዳው ያው አጨዳ ነው። ግን ዘፈኑ አለ፣ ጠላው አለ፣ ተረቡ አለ። ብቻውን ቢሆን ወገቡን ይዞ የሚያቃስት ሰው በደቦ ቀን ማታ እየሳቀ ይገባል።

አንዳንዴ ግን ያለ ቦታው ይነገራል። መዋጮ ሰብሳቢ ሲመጣ «ሃምሳ ሎሚ ነው እኮ!» ይልና ለሀብታሙም ለጡረተኛዋም አንድ ዓይነት ሂሳብ ይቆርጣል። ለአንዱ ሎሚ የሆነው ለሌላዋ ዱባ ነው። ይህን እለፉት።

ለዚህ አባባል ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ ትልቁ የሚገኘው ጀርመን አገር ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በርሊን 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ፍርስራሽ ታቅፋ ቀረች። ከወንዱ ብዙው ሞቷል ወይም ተማርኳል። ስለዚህ ሴቶች ወጡ። ረድፍ ሠርተው ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሉ። ደህናውን ጡብ እየለዩ፣ የተጣበቀበትን በመዶሻ እያራገፉ ለአዲስ ግንባታ ደረደሩ። ሁሉም በፍቅር የወጡ እንዳይመስላችሁ። ለብዙዎቹ ነገሩ የተሻለ የራሽን ካርድ ነበር። የናዚ ፓርቲ አባል የነበሩት ደግሞ ተገደው ነው የሠሩት። ማሽንም፣ ደመወዝተኛ ሠራተኛም ነበረበት። ሃምሳው ሰው ሁልጊዜ በፈቃዱ አይመጣም።

ለምንም የማይሆነው ትርፍራፊ ከተማው ዳር ተደፋ። እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1972 ድረስ 26 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል አንድ ቦታ ተከመረና ኮረብታ ሆነ። ስሙ ቶይፍልስበርግ ይባላል፤ የሰይጣን ተራራ እንደ ማለት ነው። ስሙን ያገኘው በአቅራቢያው ካለ ሐይቅ ነው እንጂ ከሥሩ ለተቀበረው ነገርም አያንሰውም። ናዚዎች ጀምረው ያልጨረሱት የጦር ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነበር። ሕንፃው በጣም ጠንካራ ስለነበር ከማፍረስ መቅበር ቀለለ። በላዩ ላይ አሜሪካኖች በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የስለላ ጣቢያ ተከሉበት። ከፍታው ከባሕር ጠለል 120 ሜትር ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ለምንኖር ለእኛ ይህን ተራራ ማለት ያስቃል። በርሊን ግን ሜዳ ስለሆነች ከተማውን ቁልቁል ለማየት ሰው ወደዚያ ይወጣል። ዛፍ ተተክሎበት ደን ሆኗል። በረዶ ሲጥል ልጆች ይንሸራተቱበታል። ሸክሙ ቃል በቃል ጌጥ ሆነ ማለት ይህ ነው።

ሙኒክም ተመሳሳይ ኮረብታ አላት። ከጦርነቱ ፍርስራሽ ተሠርቶ በኋላ የኦሊምፒክ መናፈሻው አካል ሆነ። ማሞ ወልዴ ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በማራቶን ነሐስ ያገኘው ከዚያ ኮረብታ አጠገብ ባለው ስታዲየም ነው። ይህን የማነሳው ከጉዳዩ ጋር ስለተያያዘ ብቻ አይደለም፤ ማሞን ማንሳት ደስ ስለሚለኝም ነው።

ጎንደርም ፍርስራሽ አላጣችም። በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣው የደርቡሽ ጦር አቃጥሏታል። በ1934 ዓ.ም. ኅዳር ጣሊያን እዚህ እጁን ከመስጠቱ በፊት የእንግሊዝ ቦምብ የአፄ ኢያሱን ግንብ ጎድቶታል። የእኛ ድንጋይ ግን ኮረብታ አልሆነም፤ እዚያው በወደቀበት ግቢ ቆየ።

አሁን አባባሉን ገልብጡት። ሃምሳ ሰው አንዳንድ ሎሚ ይዞ መጥቶ አንድ ቦታ ቢጥልስ? ለእያንዳንዱ ቀላል ነው። «አንዲት ፌስታል ናት እኮ» ይላል። አንዲት መሆኗም እውነት ነው። ሃምሳውን የሚያይ ግን ያ ክምር አጠገብ የሚኖረው ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ከ50 ዓመት በላይ ይህን ስታደርግ ነበር። የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ ቆሼ እንዲያ ነው የተወለደው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። የሞቱት ሥሩ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ድሆች ነበሩ። የበርሊኑም የቆሼውም ክምር የተሠራው በብዙ እጅ ነው። በርሊን ግን የሚያነሳውም፣ የሚደለድለውም፣ ዛፍ የሚተክለውም ብዙ ነበር። ቆሼ ላይ ብዙ የነበረው ጣዩ ነው። ሸክሙን ጥቂቶች ተሸከሙት።

እኛም ከቀሃና ከአንገረብ ወንዝ ዳር ቆም ብለን ብናይ ከዚህ ነፃ አይደለንም። ጥምቀት አልፎ በማግስቱ የፕላስቲክ ጠርሙስ የምትለቅመው የጽዳት ሠራተኛ ሃምሳውን ሎሚ ብቻዋን ያነሳችው ሴት ናት። አባባሉን ለእሷ ብሎ ሲጠቅሰው የሰማሁት ሰው የለም። ለሠርግ ድስት ግን ሁሉም ያውቀዋል።

አባባሉ ለቆሻሻም ሲሠራ የኖረበት አንድ ቀን አለን፤ ኅዳር 12። በ1911 ዓ.ም. ያ የኅዳር በሽታ አገሩን ከጨረሰ ወዲህ «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ ሰው ደጁን ይጠርጋል፣ ጥራጊውን ሰብስቦ ያቃጥላል። የማንም ጥራጊ በማንም ላይ አይጫንም። ችግሩ ድሮ የሚቃጠለው ቅጠልና ገለባ ነበር። ዛሬ ፌስታልና ጠርሙስ ሆኗል፤ ጭሱም በሽታ አባራሪ መሆኑ ቀርቶ ራሱ በሽታ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከኅዳር 12 መጥረጊያውን ወስደን ክብሪቱን ብንተወው ይሻላል።