ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ጠባይ በትምህርት ቤት

ኦቲዝም ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘ፣ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ሁኔታ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ስም ይወጣለታል፦ "ረባሽ"፣ "ግትር"፣ "ቅብጥብጥ"። ወላጅም አይቀርለትም፤ "መቼ አሳደጉት!" ይባላል። ይህ ወቀሳ በአንድ ወቅት ባለሙያዎችም የሚጋሩት ነበር። ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 እ.ኤ.አ. ኦቲዝም ያለባቸውን የ11 ልጆች ታሪክ ካሳተመ በኋላ፣ ጥፋቱን በእናት ፍቅር ማጣት ላይ የሚያላክክ አስተሳሰብ ለዓመታት ዘልቋል። ዛሬ ውድቅ ነው።

አሁን መምህሩ ሦስት ነገር እንዲመዘግብ ይመከራል፦ ቀድሞ ምን ሆነ? ልጁ ምን አደረገ? ከዚያስ ምን ተከተለ? አንድ ልጅ ሁልጊዜ ሂሳብ ሲጀመር ደብተሩን ይወረውራል እንበል። ከክፍል ይባረራል። ደጁ ደግሞ ጸጥ ያለ ነው። መምህሩ የቀጣ ይመስለዋል፤ ልጁ ግን እፎይ አለ። ነገም ይወረውራል። መዝገቡ በደንብ ሲታይ ጣጣው ሂሳቡ ላይሆን ይችላል። ተማሪዎቹ በቡድን ለመቀመጥ ወንበር ሲጎትቱ የሚሰማው ሲጥሲጥታ ይሆናል። ያኔ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ወንበሩ ከመጎተቱ በፊት ልጁ ወጣ ይበል፣ ወይም "እረፍት" የሚል ካርድ ማሳየትን ይማር።

ድምፅ፣ ብርሃንና ንክኪ አንዳንዱን ልጅ ከልክ በላይ ያስጨንቁታል። እጁን ሲያርገበግብ ወይም ሲወዛወዝ ራሱን እያረጋጋ ሊሆን ይችላል። ማንንም ካልጎዳ ቢተዉት ይሻላል። ሲብስበት ደግሞ ይፈነዳል። ይህ ከእልህ ለቅሶ ይለያል፤ በእልህ የሚያለቅስ ልጅ የፈለገውን ሲያገኝ ዝም ይላል፣ የፈነዳው ግን ቢሰጡትም ማቆም አይችልም። በዚያ ሰዓት ምክር አይገባም። ንግግር መቀነስና ቦታ መስጠት ነው። ወሬው በኋላ ይደርሳል።

የቀኑን ውሎ በሥዕል በቅደም ተከተል መለጠፍ ብዙ ይረዳል። ኤሪክ ሾፕለር በኖርዝ ካሮላይና የመሠረተው ቲች የተባለው ፕሮግራም ይህን መንገድ በሰፊው አስተዋውቋል። በሽልማት ጠባይን የሚያስተካክለው፣ ኤቢኤ የተባለው ዘዴ በብዙ ቦታ ይሠራበታል፤ ነገር ግን ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች "እኛነታችንን እንድንደብቅ ያደርገናል" ሲሉ ይተቹታል። ትችቱ ሊሰማ የሚገባው ነው።

ጸጥ ያሉትም ይረሳሉ። ቀኑን ሙሉ ሌላውን እየኮረጁ፣ ጭንቀታቸውን ውጠው ይውሉና ቤት ሲደርሱ ይፈነዳሉ። ወላጅ ሲናገር ከመምህሩ "እኛ ጋ ምንም አይልም" የሚል መልስ ያገኛል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የመገናኛ ደብተር ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።