የዘረመል ቅኝት ምንድን ነው? የማጅራት ገትርና የ«ሽፋን» ነገር

ከመገናኛ ጣፎ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ለመክፈት የሞከረ ሰው የሚደርስበትን ያውቃል። «ኧረ ዝጋው፣ ንፋስ ሊመታን ነው!» በበጋ፣ አቧራው ሲቦን ደግሞ ይብሳል። ማጅራት ገትር የሚመቸው ግን ይኸው ነው፤ ደረቅ ወቅት፣ ተጠጋግቶ የተቀመጠ ሰው፣ የተዘጋ መስኮት።

ስሙ ምልክቱን ይናገራል። ማጅራት ይገትራል፤ አለቀ። ማን እንደገተረው ግን አይነግረንም። ወረርሽኝ በማስነሳት የሚታወቀው ሜኒንጎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ብቻውን 12 ምድቦች አሉት። አብዛኛውን ሕመም የሚያመጡት ስድስቱ ናቸው፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ደብልዩ፣ ኤክስ እና ዋይ። ምድቡ የሚለየው ባክቴሪያው በለበሰው የስኳር ሽፋን ነው። አብዛኞቹ ክትባቶችም ሰውነታችን ይህን ሽፋን እንዲያውቀው ነው የሚያለማምዱት።

ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ቀጣዩ ቶሎ ይገባዋል። ቀለም አይቶ ብር የሚቆጥር የለም፤ የሻንሲ ቁጥር ይታያል። ቀለም ይቀየራላ! ባክቴሪያውም ከሌላ ባክቴሪያ ዘረመል ተቀብሎ ሽፋኑን ሊቀይር ይችላል። የዘረመል ቅኝት ማለት እንግዲህ ከታማሚዎች የተገኘውን ባክቴሪያ ሻንሲ፣ ማለትም ዘረመሉን፣ እያነበቡ መከታተል ነው። ከወገብ በመርፌ ከተቀዳ ፈሳሽ ባክቴሪያውን ያሳድጉታል። 2.2 ሚሊዮን ገደማ «ፊደል» ያለውን ዘረመሉን ከዳር እስከ ዳር ያነቡታል። ከዚያ ካለፈው ዓመትና ከጎረቤት አገር ጋር ያስተያዩታል።

በነገራችን ላይ፣ ክትባት በበረዶ ሳጥን ይሄዳል፤ ለማሳደግ የሚላክ ናሙና ግን ፍሪጅ ከገባ ባክቴሪያው ሊሞት ይችላል። ከከተማ ዳር ተነስቶ፣ ያንን ሁሉ ትራፊክ አልፎ፣ ላብራቶሪ በደህና መድረስ አለበት። ታማሚው ቀድሞ አንቲባዮቲክ ውጦ ከሆነም የሚያድግ ነገር ላይገኝ ይችላል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ለብዙ ዓመታት መከራውን ያየው በምድብ ኤ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለአፍሪካ ተብሎ የተሠራው የምድብ ኤ ክትባት፣ ሜናፍሪቫክ፣ ተዳረሰ፤ እኛ ጋ ከ2013 እስከ 2015። ኤ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ደስታው ሳይበርድ፣ በ2015 ኒጀር ውስጥ በአብዛኛው ምድብ ሲ ባመጣው ወረርሽኝ ከ8,000 በላይ ሰው በማጅራት ገትር መታመሙ ተጠረጠረ። የዚህ ሲ ዘረመል ሲነበብ ቅድመ አያቱ ሽፋን እንኳ ያልነበረው፣ በሰው ጉሮሮ ውስጥ ዝም ብሎ የሚኖር ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። ካባውን ከሌላ ወስዶ ነው የከፋው።

ሬዲዮ ላይ «የክትባት ሽፋን» ሲባል ስንት ሰው ተከተበ ማለት ነው። ለኔ ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጣል፦ የተከተብነው አሁን የሚዘዋወረውን ባክቴሪያ ይሸፍናል ወይ? ኒጀር ተከትባ ነበር፤ ግን ለኤ። ናይጄሪያ በ2024 የጀመረችው አዲሱ ክትባት አምስቱን ምድቦች ይዟል። ቢ ግን የለበትም። የቢ ሽፋን ከራሳችን የነርቭ ሴሎች ስኳር ጋር ስለሚመሳሰል ሰውነት እንደ ዘመድ ያልፈዋል። ስለዚህ የቢ ክትባቶች የሚሠሩት ከባክቴሪያው ገላ ላይ ካሉ ፕሮቲኖች ነው። እነዚያ ደግሞ ከዝርያ ዝርያ ይለያያሉ። አንድ የቢ ክትባት ለጣፎ ልጅ ይሆናል ወይ ቢባል፣ እዚህ የተገኘውን ባክቴሪያ ሻንሲ ሳያዩ መልስ መስጠት ይከብዳል።