ከጣና ዳር ተመራማሪ ሐኪም ማፍራት፦ ሬዚደንቶችና ተላላፊ በሽታ በባሕር ዳር

ሬዚደንት ማለት ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም ነው። በባሕር ዳር ሥልጠናው በዩኒቨርሲቲው የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሥር ይሰጣል። ልምምዱ በዋናነት በሁለት ሆስፒታሎች ነው። አንዱ ሐይቁ ዳር ያለው አንጋፋው ፈለገ ሕይወት ነው፤ ሌላው የዩኒቨርሲቲው የራሱ የሆነው ጥበበ ግዮን። ተላላፊ በሽታ በብዛት የሚያጋጥማቸው የውስጥ ደዌና የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንቶች ናቸው።

ኮሌጁ ወጣት ነው። ሕክምና ማስተማር የጀመረው በሚሊኒየሙ ሰሞን ነው። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያ ማሠልጠን የጀመረች ከተማ ስለሆነች ትቀድመናለች፤ ይህን መካድ አይቻልም። በሽታው ግን የጋራችን ነው።

ለዚህ የሊቦ ከምከም ታሪክ ይበቃል። አዲስ ዘመን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የሊቦ ከምከም ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ሰው በማይለቅ ትኩሳት እየከሳ፣ ሆዱ እያበጠ ይሞት ነበር። መጀመሪያ ወባ ተባለ። መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ደግሞ ወባው መድኃኒት የተላመደ መሰለ። ካላዛር፣ ማለትም ሌሽማንያ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ፣ መሆኑ የተረጋገጠው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በሽታው በአገራችን ሰሜን ምዕራብ የሚታወቀው በመተማና በሁመራ ቆላ ስለነበር ደጋ ቀመስ በሆነው ሊቦ ይኖራል ብሎ የጠረጠረ ጥቂት ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ጀመሩ። በኋላ የተሠራ ጥናት ቀን ከግራር ሥር መተኛትና ውሻ ማሳደር ከበሽታው ጋር እንደሚያያዙ አሳየ። በሽታውን ያመጡት ለአረምና ለአጨዳ ቆላ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ናቸው ይባላል። አሳማኝ ነው፤ ያለቀለት ግን አይመስለኝም። ለሬዚደንት ዋናው ትምህርት ሌላ ነው፦ ጣፊያ ያበጠበት ሁሉ ወባ አይደለም፣ ያልተሻለው በሽተኛ ደግሞ ራሱ የምርምር ጥያቄ ነው።

ውሃ ውስጥ ባለ ጥገኛ ትል የሚመጣው ቢልሃርዝያም የሐይቁ ነው። ዓሣ አጥማጁም፣ ዋናተኛው ልጅም ውሃ ውስጥ ይውላሉ። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊውን ተመራማሪ አክሊሉ ለማን ሳያነሱ ማለፍ ነውር ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የመግደያ ሐሳብ ከዚያ ተወለደ። ለዚህ ያስፈለገው ልብ ብሎ ማየት ብቻ ነበር። ቁንጭርም አለ፤ በደጋው ሰዉ ፊት ላይ ጠባሳ እየተወ የሚያልፍ ሌላ የሌሽማንያ ዓይነት።

ሬዚደንቱ ምርምርን በወጉ የሚያገኛት በመመረቂያ ቲሲሱ ነው። ፕሮፖዛል ይጽፋል፣ አማካሪ ሲኒየር ይይዛል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይጠብቃል። ከዚያ ከዲውቲ (ከተረኝነት ሥራው) በተረፈው ሰዓት መረጃ ይሰበስባል። ጊዜው ስለማይበቃ ብዙው የሚመርጠው የድሮ የበሽተኛ ካርድ አገላብጦ የሚሠራ ጥናት ነው። ካርድ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ነው። ክብደት አልተጻፈም፤ የላብራቶሪ ውጤቱ ወድቋል፤ «ተሽሎት ወጣ» ብቻ ይላል። ወደፊት ተከታትሎ የሚሠራ ጥናት ይሻላል፤ ግን ናሙና ማስቀመጫ ፍሪጅ፣ የማይቋረጥ መብራትና ባክቴሪያ የሚያበቅል ላብራቶሪ ይፈልጋል። የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እዚያው ከተማው ውስጥ መኖሩ እዚህ ላይ ትልቅ ዕድል ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከምረቃ በኋላ ነው። ስፔሻሊስቱ ቀን በሽተኛ ያያል፣ ተማሪ ያስተምራል፤ ማታ ክሊኒክ ይሠራል። ኑሮው ይጠይቃላ! ለምርምር ብቻ የተከለለ ሰዓት ከሌለው ቲሲሱ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ጥናቱ ይሆናል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት ደግሞ የመስክ ሥራን አክብዷል። ቆላ ወርዶ ቤት ለቤት ናሙና መውሰድ እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ አሁንም ካርድ ክፍሉ ውስጥ፣ አቧራው መሃል፣ አንድ ሬዚደንት ተቀምጦ ይገኛል።